የዘሀራ ስንፍና

ሰውን «ይህን ነገር ለምንድን ነው የምትሠራው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አትጠይቁ። ውሸት ታስለምዱታላችሁ። እኛ ዘንድ የልብን ምክንያት መናገር ገበናን አደባባይ እንደ ማስጣት ነው የሚቆጠረው። ስኳር ደብቆ ዋጋ እስኪጨምር የሚጠብቀው ነጋዴ ሱቁን የከፈተው «ኅብረተሰቡን ለማገልገል» ነው። ለሹመት ሲል የገዛ ጓደኛውን ያሳጣው ሰውዬ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው «ኃላፊነት ስለ ተጣለበት» ነው። ማን ጣለበት? አይነገርም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ «ሐኪም መሆን ለምን ፈለግህ?» ሲባል «ወገኔን ለመርዳት» ይላችኋል፤ ወገኑ አጠገቡ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትልጥ ቢላዋ ቢቆርጣት ግን ዞር ብሎ አያይም። ደመወዝ የሚባል ነገር፣ እንጀራ የሚባል ነገር፣ ከአማት ቤት ማምለጥ የሚባል ነገር በዚህች አገር ማንንም ከመኝታው አስነሥቶ አያውቅም። ሁላችንም የምንነሣው በራእይ ነው!

ይህን የምላችሁ ፍልስፍና አምሮኝ እንዳይመስላችሁ። ዕድሜዬን ሸዋ ሮቢት ላይ ጂኦግራፊ ሳስተምር ፈጅቻለሁ፤ የቆላ ሰው ደግሞ የሚያምረው ፍልስፍና ሳይሆን ጥላ ነው። ግን አንዲት መምህርት ለምን እንደምትማር ተጠይቃ እውነቱን የተናገረች ዕለት የደረሰባትን በዐይኔ ስላየሁ፣ እሱን ሳልነግራችሁ ብሞት ይቆጨኛል።

ያኔ እንግዲህ ሁሉ ነገር አንድ ለአምስት የተደራጀበት ዘመን ነው። ገበሬው ሞዴል፣ እናቲቱ ሞዴል፣ ሽንት ቤቱ ሳይቀር ሞዴል። በዚህ መሐል ለከተማችንና ለቀወት ገጠር መምህራን የኦንላይን ሥልጠና መጣላችሁ ተባልን። ሠልጣኙ ቅዳሜና እሑድ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል፤ አስተማሪው አዲስ አበባ ሆኖ በቪዲዮ ያስተምራል፤ የቤት ሥራው በኢንተርኔት ይላካል፤ በመጨረሻም ኮምፒውተሩ ራሱ አርሞ፣ ያለፈውን ለይቶ፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። የሰው እጅ የለበትም። አጨበጨብን። ምን እንደ መጣ ሳናውቅ ማጨብጨብ የለመድነው ነገር ነው።

ታዲያ ኮምፒውተሮቹ የተደረደሩበት አዳራሽ ኤሲ ተገጠመለት። ለእኛ ብለው እንዳይመስላችሁ። ኮምፒውተር ሙቀት አይወድም ተብሎ ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሰው ሲቀልጥ የታዘነለት ጊዜ የለም። ግንቦት ላይ ከተማችን ያላችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ውሻው ጥላ ፍለጋ ከቆመ አይሱዙ ሥር ይገባል፣ ሸሚዝ ከጀርባ ጋር አንድ ይሆናል። በዚያ ወራት አንድ ቀዝቃዛ አዳራሽ ከፍታችሁ «ኑ ተማሩ» ስትሉ የሚመጣውን ሰው ብዛት አስቡት። ጸሐፊው መጣ፣ ዘበኛው መጣ፣ ለሥልጠናው ያልተመዘገበው የስፖርት መምህር ሳይቀር መጣ። የታሪክ መምህሩ ጋሽ ንጉሤ፣ ጡረታ ሊወጣ የደረሰ ሰው፣ ከኤሲው ፊት ለፊት ቦታ ይይዝና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ዐይኑን ይጨፍናል። «ለምን ትጨፍናለህ?» ስለው፣ «በጥሞና እየተከታተልኩ ነው» ይላል። ከዚያ ያንኮራፋል።

ለትምህርቱ ሲል የሚመጣ አንድ ሰው ነበር ብል አልዋሽም። እሷም ዘሀራ ናት። ዘሀራ የምታስተምረው ከዋናው መንገድ ወርዶ፣ የማሽላውን ማሳ አቋርጦ፣ ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ በሚገኝ የቀወት ቆላ ትምህርት ቤት ነው። ባጃጅ የሚደርሰው እስከ ግማሽ ነው፤ የቀረው በእግር ነው። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ቤቱ መንገድ ነው ማለት ይቻላል። ሐያት የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ልጅቷ እዚያ ቆላ ሳለች ወባ ይዟት፣ መድኃኒት የሚገኝበት እስክትደርስ ነፍሷ ልትወጣ ምንም አልቀራት። ከዚያ ወዲህ ሸዋ ሮቢት፣ የዘሀራ እናት እትዬ ፋጡማ ዘንድ ናት፤ ሐኪም ቤት ስለሚቀርብ። እናት እዚያ፣ ልጅ እዚህ። ዘሀራ በየዓመቱ ዝውውር ትጠይቃለች፣ በየዓመቱ «ተራሽን ጠብቂ» ትባላለች። ሥልጠናው ሲመጣ ግን አንድ ነገር ተነገረ፤ የምስክር ወረቀቱን የያዘ በዝውውር ቅድሚያ ያገኛል። ይህን የሰማች ዕለት ነው የተመዘገበችው።

አንድ ቅዳሜ ከሥልጠናው ስንወጣ እትዬ ፋጡማ ቤት ድረስ ሸኘኋት፤ ሰፈራችን አንድ ነው። ሐያት በር ላይ ቆማ አየችንና ወደ ጓዳ ሮጠች። «እማ! እማ! ዘሀራ መጣች!» እያለች ትጮኻለች። እማ የምትለው አያቷን ነው። እናቷን በስሟ ነው የምትጠራት፣ ሰፈሩ ሲጠራት እንደምትሰማው። ዘሀራ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ምን ይደረግ። ከዚያ ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ ለልጄ እንግዳ ሆንኩባት እኮ» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ደጃፉ ላይ ስላለው የማንጎ ዛፍ አወራሁ።

ኤሲው ተበላሸ። እንዲያው ዝም ብሎ አንድ ቀን ቃ፣ ቃ፣ ቃ ብሎ ቆመ። ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ ኢንተርኔቱ አለ፣ ቪዲዮው አለ፤ የሌለው ቅዝቃዜው ብቻ ነው። በሳምንቱ አዳራሹ ባዶ! የእውቀት ጥማቱ ሁሉ ወዴት እንደ ገባ አልታወቀም። ጋሽ ንጉሤ ወገቡን አመመው። የስፖርት መምህሩ መጀመሪያም አልተመዘገበም። ዘሀራ ብቻ ነጠላዋን አጣጥፋ እያራገበች፣ ከፊቷ የሚወርደውን ላብ በሻሿ ጫፍ እየጠረገች ቪዲዮዋን ታያለች። እኔም አልፎ አልፎ እሄዳለሁ፤ እሷ ብቻዋን እንዳትሆን ነው እንጂ ትምህርቱስ በሁለተኛው ሳምንት ነው የሰለቸኝ።

አስተባባሪያችን አቶ ደምሰው ይባላል። አቶ ደምሰው ባዶ አዳራሽ አይፈራም፤ የሚፈራው ባዶ ሪፖርት ነው። አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች ማን ገባ፣ ማን አልገባ በኮምፒውተራቸው እንደሚያዩ ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። ከዚያ መፍትሔ አመጣ፤ ኦንላይኑን አንድ ለአምስት አደራጀው! በየአምስቱ አንድ መሪ ተመረጠ፤ መሪው የሁሉንም ፓስወርድ ይዞ ስለ ሁሉም ይገባል። ሌላው ቤቱ ጥላ ሥር ተጋድሞ ይማራል። ከአዲስ አበባ ሲታይ ሁላችንም አለን። ዕድር ላይ አንድ ሰው ስለ ቤተሰቡ ይገኝ የለ? እንደዚያ ነው ያየው። ትምህርትን እንደ ለቅሶ በተወካይ ደረስነው።

ከዚያ የቤት ሥራ መጣ። «ስለ ራስዎና ስለሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ይጻፉ» ይላል። ዘሀራ ጻፈች፤ ላከች። የጻፈችውን አይቼዋለሁ፤ ልጇን ጡት እንኳ በወጉ ሳታስጥል ለእናቷ ሰጥታ ማሽላ ለማሽላ እንደምትሄድ፣ ተማሪዎቿ እንዴት ውኃ ሲቀዱ ውለው እንደሚመጡ፣ ሁሉንም። አቶ ደምሰው ይህን ባየ ጊዜ ደስ አለው። «ተሞክሮ መስፋት አለበት!» ብሎ ጽሑፉን ለሁሉም የቡድን መሪ አስተላለፈ። መሪዎቹም በአደራ በያዙት ፓስወርድ፣ አንድ ቃል ሳይነኩ፣ በየሰዉ ስም ላኩት። ስለዚህ የወረዳችን መምህራን፣ ጺማሙም ራሰ በራውም፣ ልጃቸውን ጡት ሳያስጥሉ ለእናታቸው የሰጡ ሆኑ። ጋሽ ንጉሤ ጭምር! የጋሽ ንጉሤ እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እኔ ሳልቀጠር ነው የሞቱት።

እንግዲህ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ አዲስ አበባ ተደነቀ። በኦንላይን ትምህርት በየቦታው ሰው ሲያቋርጥ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ አንድም ሰው አላቋረጠም! ይህ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው? ምንድን ነው የሚያነሣሣው? ይህን የሚያጠና ባለሙያ ተላከ። መምጣቱ ሲሰማ ኤሲው በአንድ ቀን ተጠገነ። ለስንት ሳምንት «ዕቃው አገር ውስጥ የለም» ሲባል የነበረው ማለቴ ነው። ኤሲው ሲሠራ እውቀት የጠማው ሁሉ ተመለሰ፤ የጋሽ ንጉሤ ወገብም ዳነ። ባለሙያው ጣርማ በር ላይ ብርድ መትቶት የደረበውን ኮት ሳያወልቅ ወደ እኛ ወርዶ፣ አዳራሽ ሲገባ ውኃ የገባ መስሎ ነበር። አሳዘነኝና ከጎኔ ላለው ሰው «ምስኪን» አልኩ። ቆይቶ ለእሱ በማዘኔ አፈርኩ እንጂ።

አቶ ደምሰው ለጥናቱ እንዲመች ብሎ ግምገማ ጠራ። አዎ፣ የተነሣሽነት ግምገማ። በየትኛውም አገር ተማሪን ምን እንደሚያተጋው ማወቅ የፈለገ ሰው ለብቻው ጠርቶ ይጠይቀዋል፤ እኛ ግን በስብሰባ፣ በመድረክ፣ አለቃ ፊት እናናዝዘዋለን። ባለሙያው ተነሥቶ አብራራ፤ ተነሣሽነት ሁለት ዓይነት ነው፣ ከውስጥ የሚመነጭና ከውጭ የሚመጣ፤ ከውስጥ የሚመነጨው ዘላቂ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው፣ ማለትም ለሽልማት፣ ለዕድገት፣ ለጥቅም ሲሉ መማር፣ ደካማ ነው አለ። አቶ ደምሰው ራሱን ነቀነቀና ለእኛ ተረጎመልን፤ «የመጀመሪያው ልማታዊ ነው፣ ሁለተኛው ኪራይ ሰብሳቢነት ነው።» ገባን። ከዚህ በኋላ ማን ምን ይላል?

ጋሽ ንጉሤ፣ «እኔን ያነሣሣኝ የእውቀት ጥማት ነው» አለ። ጋሽ ንጉሤ የሚጠማውን ነገር የከተማው ግሮሰሪዎች ሁሉ ያውቁታል። ሌላው «የትራንስፎርሜሽኑን ጉዞ ለማፋጠን» አለ። ሌላዋ «ትውልድን በቴክኖሎጂ ለመቅረጽ» አለች። ባለሙያው ይጽፋል። ኤሲው ያጉረመርማል። እኔ «ከኤሲው ነው» ልል ነበር፤ ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት።

ተራው ዘሀራ ላይ ደረሰ። ብድግ አለች። «እኔ የምማረው ዝውውር እንዳገኝ ነው» አለች። «ወረቀቱን የያዘ ቅድሚያ ያገኛል ብላችኋል። ልጄ እዚህ ናት፣ እኔ እዚያ ነኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ትምህርቱ ግን ጥሩ ነው።»

ሰው ሁሉ ጥፍሩን ማየት ጀመረ። አቶ ደምሰው እንግዳ ፊት የተዋረደ መስሎት ፊቱ ጠቆረ። «ዘሀራ፣ ይሄ እኮ ጠባብ የግል ፍላጎት ነው። ኪራይ ሰብሳቢነት ማለት ይኸው ነው። መድረኩ ግለ ሂስ ይጠብቃል።» ግለ ሂስ፣ ለማታውቁት ልጆች፣ በሰው ፊት ቆሞ ራስን መውቀስ ነው። አጥፍተህ ከሆነ ታምናለህ፣ ካላጠፋህ ፈልገህ ታመጣለህ።

«እሺ» አለች ዘሀራ። አልተቀመጠችም። «ልጄን በመውደዴ ጥፋት ሠርቻለሁ። ወደፊት ግን አልታረምም፣ አቶ ደምሰው። ወላሂ አልታረምም።»

ደሜ ፈላ። እጄን አወጣሁና ባለሙያውን፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልጅን መውደድ ከውስጥ የሚመነጭ ነው ወይስ ከውጭ የሚመጣ?» ብዬ ጠየቅሁት። ባለሙያው ብዕሩን አነሣ፣ አስቀመጠ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። ምሁር መልስ ሲያጣ የሚለው ነው። ከዚያ የሻይ ሰዓት ሆነ። ዘሀራ «ክፍተት ያለባት» ተብላ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረች፣ ባለሙያው ኮቱን ተሸክሞ ተመለሰ።

የቤት ሥራችንን አዲስ አበባ ያለ ሰው አላነበበውም ነበር። ኮምፒውተሩ ግን አነበበው። ያ ግምገማ የማያውቅ፣ አቶ ደምሰውን የማይፈራ ዕቃ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሲደጋገም አየና ከመጀመሪያው በስተቀር ሁሉንም ጣለው። የምስክር ወረቀት መጣ፤ አንድ ብቻ። የዘሀራ።

ይህን ሰምቼ ልጅ ሆኜ ልዘል ቃጣኝ። እትዬ ፋጡማ መንገድ ላይ አገኙኝና፣ «አልሐምዱሊላህ! ወረቀቱን አገኘች አይደል? እንግዲህ መቼ ትመጣለች?» አሉኝ። «ደርሳለች» አልኳቸው። ምን ቸኮልኩ? አቶ ደምሰውን እያወቅሁት።

አቶ ደምሰው በአንድ ቀን ተገለበጠ። ኪራይ ሰብሳቢዋ ቀረችና «ከመካከላችን ሞዴል ወጣ!» ተባለ። የትምህርት ቤቷ በር ላይ «ሞዴል» የሚል ታርጋ ተሰቀለ። ለሽልማት ኮምፒውተር ተላከላት፤ ከነካርቶኑ በአህያ ተጭኖ ደረቁን ወንዝ ተሻገረ። ትምህርት ቤቱ መብራት የለውም! ርእሰ መምህሩ ጨርቅ አለበሰውና ጎብኝ ሲመጣ ጨርቁን ይገልጣል። ዝውውሩስ? ዘሀራ ማመልከቻዋን ይዛ ስትሄድ አቶ ደምሰው በሐዘኔታ አያት። «ሞዴል ከቦታዋ ከተነሣች ተሞክሮ ለመውሰድ የሚመጣውን ሰው ምን እንለዋለን? አንቺማ አትነቃነቂም።»

ዘሀራ ያን ቀን ቤቴ መጣች። ባለቤቴ ውኃ ሰጠቻት፤ አልጠጣችውም። «ጋሼ፣ ሰው ሰንፎ ይቀጣል ሲባል ነው የማውቀው» አለችኝ። «እኔ የተቀጣሁት ስለ ጎበዝኩ ነው?» አለቀሰች። እኔም ተሳደብኩ፤ ማንን እንደ ተሳደብኩ አልነግራችሁም።

ያን ሰሞን ደግሞ ከእሷው ትምህርት ቤት አንድ መምህር፣ ክፍል ከመግባት ጫት ቤት መግባት የሚቀናው፣ ተዛውሮ ከተማ ገባ። ምክንያቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ክፍተት የታየባቸው መምህራን በቅርብ ክትትል እንዲደገፉ ወደ ከተማ ይቅረቡ» የሚል አሠራር ወጥቶ ነው። ጎበዙን ቆላ ይተክሉታል፤ ሰነፉን ጉያቸው ያቀርቡታል። ዘሀራ ይህን ሰማች።

በዓመቱ ሁለተኛው ዙር ሥልጠና መጣ። ዘሀራ ተመዘገበች። በፈተናው ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ምርጫ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። እያንዳንዱን ጥያቄ ረጋ ብላ ታነባለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ የተሳሳተውን መርጣ ትጫናለች። ትክክለኛው ላይ እጇ ሲሄድ ያዝ አድርጋ ትመልሰዋለች። ውጤቱ ሲመጣ ዜሮ። አንዲት እንኳ አላገኘችም! አስቡት እስቲ፤ ዐይኑን ጨፍኖ የሚገምት ሰው እንኳ አንዳንዱን ያገኛል፣ ጋሽ ንጉሤ ተኝቶ አግኝቷል። ሁሉንም ለመሳት ሁሉንም ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ሁሉ ባለሙያ አንዱ እንኳ ይህን ልብ አላለም።

አቶ ደምሰው ደነገጠ። «ዘሀራ፣ ምን ነካሽ?» አላት። እሷም አንገቷን ደፍታ፣ «ተነሣሽነቴ ወደቀ» አለች።

«ከውስጥ ነው ከውጭ?»

«ከውስጥ።»

ታርጋው ወረደ። ዘሀራ ክፍተት ያለባት ሆና፣ ለቅርብ ክትትል፣ ሸዋ ሮቢት እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ተመደበች። የእነዚያ የቆላ ልጆች ነገር ግን ሆዴን ያባባዋል። ካላቸው ሁሉ ጎበዟን መምህርት አጡ፤ የቀራቸው ጨርቅ የለበሰ ኮምፒውተር ነው። ይህን ለማን አቤት እንደሚሉ እኔም አላውቅ፣ እነሱም አያውቁ።

እሷን የምከታተላት ደግሞ እኔ ነኝ፤ በአንጋፋነቴ ተመርጬ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስታስተምር መስኮቱ ሥር ቆሜ እሰማታለሁ፤ እንደዚያች ያለች መምህርት በዕድሜዬ አላየሁም። የሌላ ክፍል ልጆች ወደ እሷ ክፍል ሾልከው ሲገቡ እየያዝኩ እመልሳለሁ። ከሥራ ስትወጣ ሐያት በር ላይ ትጠብቃታለች። ልጅቷ አሁን ሁለት እማ አላት፤ ትልቋ እማና ትንሿ እማ።

በየመንፈቁ ማለቂያ አቶ ደምሰው ይጠራኛል። «ጋሼ፣ ዘሀራ እንዴት ናት? ከተሻሻለች እኮ ወደ ቦታዋ እንመልሳታለን።»

ፊቴን አጨማድዳለሁ። «ኧረ ተወኝ፣ አቶ ደምሰው። ገና ናት። ጭራሽ ብሶባታል።»

እሱ ከልቡ ያዝናል። «ምን ይሻላል?» ይላል። «ታግሠን መያዝ ነው እንጂ» እላለሁ። ሐያት ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። እንደ እኔ ግምት ልጅቷ አሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ ድረስ እናቷ ከዚህ ስንፍናዋ አትድንም፤ ኢንሻአላህ።